ጥርሱ ሲወልቅ ላለመ ሰው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር፣ ማለዳ ላይ ፊቱ ጠቁሮ የተነሣ ሰው «ምን ሆንክ?» ተብሎ «ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ» ብሎ ከመለሰ፣ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ ይላል። አንዱ «ለበጎ ያድርገው» ይላል፤ ሌላው ስልኩን አንሥቶ የአያቱን ደኅንነት ይጠይቃል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከጎረቤት፣ ከዘመድና ከሥራ ባልደረባ በየጊዜው የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹ አገር ያወረሰውን ፍቺ፣ የሃይማኖት መጻሕፍትን ቃልና የእንቅልፍ ጥናት የደረሰበትን በየቦታቸው ለማስቀመጥ የሚሞክሩ ሲሆን፣ ጸሐፊው የራሱን አስተያየት በሰጠባቸው ቦታዎች ላይ አስተያየት መሆኑ ተገልጿል።

ጥርሴ ሲወልቅ በሕልሜ አየሁ። ዘመድ ይሞትብኛል ማለት ነው?

አይደለም። እንዲህ ያለው ሕልም የሰውን ሞት አስቀድሞ እንደሚናገር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይህን ከሁሉ በፊት ማስቀመጥ የሚያስፈልገው፣ ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ታሪክ ለመማር ሳይሆን ልቡ እንዲያርፍለት ፈልጎ ስለሚጠይቅ ነው።

የጥርስ መውለቅ ሕልም ከገደል መውደቅ፣ ከመባረር፣ ከመብረርና ለፈተና ዘግይቶ ከመድረስ ጋር በዓለም ሁሉ ከሚታለሙት የተለመዱ ሕልሞች አንዱ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩና ስለ ፍቺው አንዳችም ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ያልሙታል። ጥርሱ ሲወልቅ ያለመ ሁሉ ሰው ቢሞትበት ኖሮ፣ በየሰፈራችን የዕድር ድንኳን ተነቅሎ የሚያድርበት ሌሊት ባልተገኘ ነበር። ያም ሆኖ ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ ቅዠት ተብሎ የሚጣል አይደለም፤ ረጅም የዘር ሐረግ አለው፤ የሚቀጥለው ጥያቄም ስለዚሁ ነው።

ታዲያ ጥርስና ዘመድ የት ተገናኙ?

የተገናኙት እጅግ በጥንት ዘመን ነው፤ ደግሞም በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው አርጤሚዶሮስ የተባለ የኤፌሶን ሰው፣ በግሪክኛ በጻፈው ባለ አምስት ክፍል የሕልም መጽሐፍ፣ አፍን በቤት፣ ጥርሶችን በቤቱ ነዋሪዎች መስሏቸዋል። የቀኝ ጥርሶች ወንዶችን፣ የግራዎቹ ሴቶችን፣ የላይኞቹ በቤቱ የተከበሩትን፣ የታችኞቹ ከእነርሱ ዝቅ የሚሉትን ያመለክታሉ ይላል። ይኸው ሰው ግን ባለ ዕዳ የሆነ ሰው ጥርሱ ሲወልቅ ቢያልም ዕዳውን ከፍሎ ይገላገላል ብሎ ጽፏል። ይህን ክፍል ከእኛ ሰፈር ሕልም ፈቺዎች መካከል ያስታወሰው አላጋጠመኝም፤ የሞቱ ፍቺ ተርፎ የዕዳው ፍቺ የጠፋው፣ ሰው ከሚያስደስተው ይልቅ የሚያስፈራውን ስለሚይዝ ይመስለኛል።

መጽሐፉ በ9ኛው መቶ ዓመት በሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሟል። በዐረቡ ዓለም የሕልም ፍቺ አባት ተደርጎ የሚጠራው ግን ከዚያ ቀድሞ የኖረው የበስራው ሙሐመድ ኢብን ሲሪን ሲሆን፣ ያረፈውም በ110 ዓመተ ሂጅራ ነው። በስሙ የሚዞሩት የፍቺ መጻሕፍት ከእርሱ በኋላ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በእነርሱም ውስጥ ጥርስ ቤተሰብ ነው። የላይኞቹ በአባት ወገን፣ የታችኞቹ በእናት ወገን ይቆጠራሉ። ሐረር ለብዙ መቶ ዓመታት የእስልምና ትምህርት ከተማ ሆና ስለኖረች፣ ድሬዳዋም ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባቡሩ መሥመር ከጂቡቲ የሚያመጣውን ሰውና ወሬ ሁሉ ስትቀበል ስለቆየች፣ ይህ ፍቺ በከተሞቻችን አደባባይ ላይ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ታልሙድ በተባለው የአይሁድ የሕግና የትውፊት መጽሐፍም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ባር ሄድያ የተባለ ሕልም ፈቺ ለከፈለው መልካሙን፣ ላልከፈለው ክፉውን ይፈታ ነበር። ረባ የተባለው ሊቅ ሳይከፍል ቀርቦ የፊትና የመንጋጋ ጥርሶቹ ሲረግፉ ማየቱን በነገረው ጊዜ «ወንዶችና ሴቶች ልጆችህ ይሞታሉ» ብሎ መልሶለታል። ቆይቶ ረባ «ሕልም ሁሉ የፈቺውን አፍ ይከተላል» የሚለውን ቃል ከሰውየው መጽሐፍ ላይ አንብቦ ረግሞታል። እኛ በአማርኛ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የምንለውም ይህንኑ ነው።

በክርስቲያኑ ወገን ደግሞ መኃልየ መኃልይ በምዕራፍ 4 ቁጥር 2 ላይ የውዲቱን ጥርሶች ታጥበው በወጡ በጎች ይመስላቸዋል፤ በጎቹ ሁሉ መንታ የወለዱ፣ ከመካከላቸውም ልጁን ያጣ የሌለባቸው ናቸው። ቁንጅናና ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ረድፍ ጥርስ ውስጥ ተገናኝተዋል። እኔ ይህን ምሳሌ ሳነብ የአያቶቻችን ፍቺ ከየት እንደተነሣ ይገባኛል። ጥርስ ከእኛ ጋር የተወለደ ሳይሆን በኋላ እየበቀለ የሚሰለፍ፣ እርስ በርሱ ተደግፎ የሚቆም፣ አንዱ ሲጎድልም ክፍተቱ ለሁሉ የሚታይ ነገር ነው፤ እንደ ወንድምና እኅት።

የላይኛው፣ የታችኛው፣ ክራንቻው፣ ደም ያለው፣ ደም የሌለው፤ ልዩነት አለው?

በልማዱ ውስጥ አለው፤ ከልማዱ ውጭ የለውም። ፈቺዎቹም ቢሆኑ አይስማሙም፤ አንዷ ደም ካለ ሕልሙ ፈረሰ ትላለች፣ ሌላዋ ደም ካለ ሥጋ ዘመድ ነው ትላለች። ሁለት ሰዎች በአንድ ሕልም ላይ ተቃራኒ ነገር ከተናገሩ፣ ነገሩ ያለው በሕልሙ ውስጥ ሳይሆን በፈቺዎቹ ዘንድ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የእንቅልፍ ጥናት ስለዚህ ሕልም ምን ይላል?

ሕልም በብዛትና በጉልህ የሚታየው ዓይን በሽፋኑ ሥር በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል የታወቀው በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየዞረ ወደዚህ ክፍል ይመለሳል፤ ሌሊቱ ወደ ንጋት ባዘነበለ ቁጥርም የክፍሉ ርዝመት ይጨምራል። ስለዚህ በረመዳን ለሱሑር፣ በሌላውም ጊዜ ለኪዳን ከንጋት በፊት የሚነሣ ሰው፣ ሕልሙ መካከል ላይ ስለሚቋረጥ ሌላው የሚረሳውን እርሱ ያስታውሰዋል። በድሬዳዋ የሙቀት ወራት ፍራሽ ወደ ግቢ አውጥቶ የሚተኛና በወበቁ ምክንያት ደጋግሞ የሚነቃ ሰውም እንዲሁ ነው። «በዚህ ሰሞን ሕልም በዛብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የበዛበት መንቃት ነው።

ስለ ጥርሱ ሕልም በተለይ፣ ሁለት የእስራኤል ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. 210 ሰዎችን ጠይቀው ያወጡት ጥናት ሊጠቀስ ይገባዋል። ተመራማሪዎቹ ሁለት ነገር ፈትነዋል፦ ሕልሙ ከጭንቀትና ከሐዘን ጋር ይሄዳል ወይስ ከአፍ ሕመም ጋር? ያገኙት መልስ ብዙዎች የጠበቁት አልነበረም። ጥርሳቸው ሲወልቅ የሚያልሙት ሰዎች ጠዋት ሲነሡ በጥርሳቸው፣ በድዳቸው ወይም በመንጋጋቸው ላይ መወጠርና ሕመም የሚሰማቸው ሆነው ሲገኙ፣ ከሥነ ልቦና ጭንቀት ጋር ግን ሕልሙ ግንኙነት አልታየበትም። በአንጻሩ ሌሎች የሚያስጨንቁ ሕልሞች ከጭንቀት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

ይህ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ላይ የቆመ ከመሆኑም በላይ፣ አብሮ መገኘት ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም። ቢሆንም የጥያቄውን ቅደም ተከተል ይለውጣል። እኛ ሕልሙን ስንሰማ መጀመሪያ «ማን ታሟል?» እንላለን፤ «ጥርስህን ያምሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንደ እኔ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ መቅደም አለበት። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው፣ የተቦረቦረ መንጋጋ ይዞ የሚተኛ ሰው፣ ድዱ የሚደማ ሰው፣ ከፍቺ በፊት ሐኪም ያስፈልገዋል። ጥርስ ማፋጨት በብዛት የሚከሰተው ሕልም በሚበዛበት ክፍል ሳይሆን በቀላሉ እንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው በሕልሙ መካከል ጥርሱን እያፋጨ ነበር ማለት አይቻልም፤ የተወው መወጠርና ሕመም ግን እስከ ንጋት ሊቆይ ይችላል።

ጫት ስቅም እንዲህ ያለ ሕልም ይበዛብኛል። ግንኙነት አለው?

በእነዚህ ሁለት ከተሞች ውስጥ ይህን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም። የአወዳይ ገበያ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ፣ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ለስንቱ ሰው በርጫ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አንጎልን የሚያነቃቃ ነው። እንቅልፍን ያዘገያል፣ ያሳጥራል፤ እንዲህ ያሉ አነቃቂ ነገሮች መንጋጋን የማጣበቅና ጥርስን የማፋጨት ልማድንም ያባብሳሉ። በዚህ ላይ ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ብቻ የሠራ መንጋጋ አለ። ቃሚው በተኛ ጊዜ አፉ የቀኑን ድካም ይዞ ይተኛል፤ ከላይ ከተጠቀሰው ጥናት ጋር ሲታይ፣ ሕልሙ በጥርስ በኩል ቢመጣ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሌላው ጉዳይ ዱካክ ነው። ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት ጫት በተቋረጠ ጊዜ ሌሊት የሚመጣውን ከባድ፣ የሚጫን፣ የሚያስጮህ ቅዠት ነው። ብዙዎች ይህን እንደ መንፈስ ቅጣት ቆጥረው፣ ዱካኩን ለማምለጥ ሲሉ ብቻ ወደ ቅጠሉ ይመለሳሉ። አነቃቂ ነገርን የተወ ሰው ቀድሞ የተነፈገውን የሕልም እንቅልፍ በብዛትና በኃይል መልሶ ማግኘቱ በሌሎችም አነቃቂዎች ላይ የታወቀ ስለሆነ፣ ዱካክን በዚህ መንገድ መረዳት የተሻለ ይመስለኛል። ማቋረጥ የጀመረ ሰው በእነዚያ ሌሊቶች ጥርሱ እንደ ፈንድሻ ሲረግፍ ቢያይ፣ ያየው የዘመድ ሞት ሳይሆን ሰውነቱ ወደ ልማዱ እንቅልፍ ሲመለስ ነው። ይህን አውቆ የጠበቀው ሰው በቀላሉ ያልፈዋል።

ሕልሙ ስለ መልኬና ለራሴ ስላለኝ ግምት የሚናገረው ነገር አለ?

ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ፍቺውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሕልሙ ባለቤት መስማት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው የጸሐፊው አስተያየት ነው።

ጥርስ ከአጥንት ወገን ሆኖ በአደባባይ የሚታይ ብቸኛው የሰውነት ክፍል ነው። በአማርኛ ስለ ሰው ክብርና ውርደት ስንናገር ደጋግመን ወደ እርሱ እንሄዳለን። የተጠላ ሰው «ጥርስ ውስጥ ገባ» ይባላል፤ መከራን የቻለ «ጥርሱን ነክሶ» ቻለው ይባላል፤ እያዘነ የሚስቅ ሰው ደግሞ «ጥርስ ባዳ ነው» እያለ ያሳብባል። ፍንጭት ያላት ልጅ ትዘፈንላታለች፤ በብዙ አካባቢ ድድን መነቀስ ጥርሱን ለማንጣትና ለማጉላት ሲባል የተደረገ ጌጥ ነበር፤ ባለፈው ትውልድ የወርቅ ጥርስ ማስደረግ የሀብትና የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ አገልግሏል። በአንጻሩ «ወላቃ» እና «ገጣጣ» የሚሉት ስድቦች በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተለጠፉበት ልጅ፣ አድጎ ልጅ ከወለደም በኋላ ሲስቅ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ሴት ከሆነች የነጠላዋ ወይም የሻሿ ጫፍ ያንን ሥራ ይሠራላታል።

ይህ ሁሉ ባለበት፣ በሕልሙ መስተዋት ፊት ቆሞ ጥርሶቹ አንድ በአንድ እየላሉ መዳፉ ላይ ሲወድቁ ያየ ሰው፣ በዚያው ሰሞን ፊቱን ለሰው የሚያሳይበት ጉዳይ ነበረው ወይ ብሎ ራሱን ቢጠይቅ አይጎዳም። ሰርግ፣ የሽማግሌ መላክ ቀጠሮ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ወንድም፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚነሡት ፎቶግራፍ። ጥርሱ በንግግር መካከል የወለቀበት ሰው ደግሞ ያልተናገረው ቃል አለው ወይስ ተናግሮ የጸጸተው? እነዚህ ጥያቄዎች እንጂ ፍቺዎች አይደሉም፤ መልሱ «ምንም የለም» ከሆነ፣ ምንም የለም ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በባቡሩ መሥመር ላይ ወደ ድሬዳዋ መጥተው ከሠፈሩት ቤተሰቦች መካከል በወንጂ ወይም በመተሐራ ያደጉ አሉ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች የጉድጓድ ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በላይ የሆነውን ውኃ ጥርስ ገና በሚሠራበት በልጅነት ዕድሜ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነጠብጣብ ይይዛል፤ ሲከፋም ይሰባበራል። ቀለሙ ከውስጥ ነው፤ በመፋቂያ ቢፋቅም አይለቅም። በትውልድ መንደሩ ሁሉም እንደ እርሱ ስለነበር ያላሳፈረው ጥርስ፣ በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር አዲስ ጓደኛ ሲያገኝ ያሳፍረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ጥርሱ ረግፎ በምትኩ ነጭ ሲበቅልለት ያለመበትን ሌሊት ስሰማ፣ «ዘመድ ይሞትሃል» ማለት ለጆሮዬ የጭካኔ ያህል ሆኖብኛል። ያ ሰው ያለመው ምኞቱን ነው። የሚያስፈልገውም ቀለሙ የንጽሕና ጉድለት አለመሆኑን የሚነግረው ሰው፣ አቅሙ ካለውም የጥርስ ሐኪም ነው።

እዚህ ላይ ስለ መጠን አንድ ቃል። ስለ ጥርሱ ወይም ስለ ፊቱ ያለው ሐሳብ ቀን ከሌት የማይለቀው፣ በዚህም ምክንያት ከሰው መራቅ፣ ከትምህርት ወይም ከሥራ መቅረት የጀመረ ሰው ጉዳዩ ከሕልም አልፏል፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መቅረብ ይገባዋል።

ፍሮይድ ስለዚህ ሕልም የጻፈው እውነት ነው?

የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1900 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕልም መጽሐፉ የጥርስን ሕልም ከወሲብ ፍላጎት ጋር አያይዞታል። በማስረጃ የተደገፈ አይደለም፤ ዛሬ እንደ ታሪክ ይነበባል።

ሕልሜን ለማን ልናገር?

በዚህ ጉዳይ ላይ አገራችን ያቆየችው ሥርዓት ከብዙ ዘመናዊ ምክር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ያደግሁበት ቤት ውስጥ አክስቴ ሕልም ሲነገራት ገና ሳትሰማ «ለበጎ ይሁን» ትል ነበር፤ ከሰማች በኋላም የምትፈታው ወደ መልካም ብቻ ነበር። ለጥርስ መውለቅ «ከሸክም ትገላገላለህ» ትላለች። ስለ አርጤሚዶሮስ ሰምታ አታውቅም፤ የዕዳውን ፍቺ ግን በራሷ መንገድ ደርሳበታለች።

በእስልምናም ትእዛዙ ግልጽ ነው። በሐዲስ ሕልም በሦስት ይከፈላል፦ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጣን የሆነ ማሳዘኛ፣ ሰው ከራሱ ጋር ከሚነጋገረው የሚመጣ። ክፉ ሕልም ያየ ሰው ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እፍ ብሎ በአላህ ይጠበቃል፤ ጎኑን ይለውጣል፤ ለማንም አይናገርም። በክርስትናም መጽሐፈ መክብብ ሕልም ከሥራ ብዛት እንደሚመጣ ይናገራል፤ መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ በሕልም የሚታመነውን ሰው ጥላ ለመጨበጥ ከሚሮጥ ጋር ያመሳስለዋል። ዮሴፍና ዳንኤል ሕልም መፍታታቸው እውነት ቢሆንም፣ ሁለቱም ፍቺው የእግዚአብሔር እንጂ የራሳቸው ጥበብ አለመሆኑን አስቀድመው ተናግረዋል፤ ዋጋ ተምነውም አልፈቱም። በገንዘብ ሕልም እፈታለሁ የሚል ሰው ዘንድ ለሚሄድ ሰው ይህን ማስታወስ ይበቃል።

በዐረቦች ዘንድ ሲነገር የኖረ ተረት አለ። አንድ ንጉሥ ጥርሶቹ በሙሉ ሲረግፉ አየ። የመጀመሪያው ፈቺ «ዘመዶችህ ሁሉ በፊትህ ያልቃሉ» ቢለው አስገረፈው። ሁለተኛው «ጌታዬ፣ ከዘመዶችህ ሁሉ በላይ ዕድሜ ተሰጥቶሃል» ቢለው ሸለመው። ሁለቱ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። ሕልምን ለሚያዳምጥ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ በተለይም ለታመመ፣ ለእርጉዝና ለልጅ የሚናገረው ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

እርጉዝ ነኝ፤ ይህን ሕልም ደጋግሜ አያለሁ። ለልጄ ያሰጋል?

አያሰጋም። በእርግዝና ወቅት እንቅልፍ ስለሚቆራረጥ ሕልም በብዛት ይታወሳል። በዚሁ ጊዜ በሰውነት ውስጥ በሚለዋወጡት ሆርሞኖች ምክንያት ድድ ያብጣል፣ ሲፋቅም ይደማል፤ አፍ የሚልከው ምልክት ይበዛል ማለት ነው። «አንድ ልጅ አንድ ጥርስ ይወስዳል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ፅንሱ ካልሲየም ከእናቱ ጥርስ ላይ አይወስድም። ጥርስ የሚጎዳው ትውከቱ፣ ቶሎ ቶሎ መብላቱና የሚደማውን ድድ ላለመንካት ሲባል መፋቅ በመቅረቱ ነው። በእርግዝና ጊዜ የጥርስ ሕክምና ማግኘት ይቻላል፤ እርጉዝ መሆንን ግን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

የስድስት ዓመት ልጄ ጥርሴ ወለቀ ብሎ እያለቀሰ ይነቃል።

በስድስት ዓመቱ ገደማ የወተት ጥርስ መነቃነቅ ይጀምራል። ልጁ ያለመው በአፉ ውስጥ ያለውን ነው። አንድ ጥርስ ሲወልቅ ጣራ ላይ አስወርውራችሁ አዲስ እንዲበቅልለት ማስለመኑ፣ ብዙዎቻችን ያደግንበት ጨዋታ ስለሆነ፣ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያጽናናዋል።

ሕልሙን ባየሁ በሳምንቱ አጎቴ አረፉ። ይህንስ ምን ትሉታላችሁ?

በመጀመሪያ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ለሐዘንተኛ ሳይሆን ሐዘኑ ከቀለለ በኋላ ለሚያስብ ሰው ነው።

በትልቅ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖር፣ በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በጭሮና በጂግጂጋ ዘመድ ያለው ሰው በዓመት ውስጥ ስንት የሞት መርዶ ይሰማል? በዚሁ ዓመትስ ስንት ሕልም ያያል? ሁለቱ አልፎ አልፎ ተቀራርበው ባይውሉ ነበር የሚያስገርመው። ሰው የሚያስታውሰው ግን የገጠመለትን ነው፤ ጥርሱ ወልቆ ምንም ሳይሆን የቀረበትን ሌሊት በማግስቱ ይረሳዋል። ደግሞም ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው አስቀድሞ ታሞ ይታወቃል፤ ሲጨነቅ የሰነበተ ሰው ጭንቀቱን ቢያልም ነቢይ አያሰኘውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን «ሕልሜን ባልናገር ኖሮ አይሞቱም ነበር» የሚለው ጸጸት ነው። ሕልም በወፍ እግር ላይ እንዳለ፣ ሲፈታ እንደሚወድቅ የሚናገረውን ሐዲስ ሰምተው፣ ወይም «እንደ ፈቺው ነው» የሚለውን ቃል ይዘው፣ ለዓመታት ራሳቸውን የሚከሱ እናቶችን አውቃለሁ። እነዚህ ቃላት የተነገሩት ፈቺው አፉን እንዲጠብቅ እንጂ ያለመው ሰው በሞት እንዲጠየቅ አይደለም። አጎትዎን የወሰዳቸው ሕመማቸው ነው።

ሕልሙ አልለቀኝም፤ በየሳምንቱ ይመጣል። ምን ላድርግ?

ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ። ጠዋት ሲነሡ መንጋጋዎ የሚደክም፣ ጆሮዎ አካባቢ የሚያምዎ፣ ጥርስዎ ለቀዝቃዛ ውኃ የሚሸማቀቅ ከሆነ፣ ወይም አብሮዎ የሚተኛ ሰው ጥርስዎን ሲያፋጩ ከሰማ፣ ይህን ሁሉ ይንገሩ። ሐኪሙ ማታ ማታ በጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ሊያዝልዎ ይችላል። ቡናና ጫት ከቀትር በኋላ መቀነስ ለመንጋጋም ለእንቅልፍም ይበጃል፤ አመሻሹ ላይ የሚፈላውን ሦስተኛ ቡና መተው በእኛ ቤቶች ቀላል እንዳልሆነ ባውቅም።

አፉ ጤነኛ ሆኖ ሕልሙ ከቀጠለ፣ ቀን ላይ፣ ነቅተው ሳሉ፣ ሕልሙን ይጻፉትና መጨረሻውን በፈቀዱት መንገድ ይለውጡት። የወለቀው ጥርስ ተመልሶ ይተከል፤ ወይም መዳፍዎ ላይ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥ። ይህን አዲሱን መጨረሻ በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ያህል በዓይነ ኅሊና መመላለስ ተደጋጋሚ ቅዠትን ለማቅለል ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ሕልሙ የደረሰብዎትን አደጋ፣ ድብደባ ወይም ጎርፍ እየመለሰ የሚያሳይዎት ከሆነ ግን ብቻዎን አይሞክሩት፤ በአእምሮ ጤና ባለሙያ እርዳታ ይሁን።

ስልክ አንሥተው የአያትዎን ደኅንነት መጠየቅ ከፈለጉም ይጠይቁ። ሕልሙን ግን አይንገሯቸው።